ባዶ ወረቀት ያነበበው መነኵሴ፤ ቤንኬይ በጃፓን የእንጨት ሕትመት ሥዕሎች

በእንጨት ላይ ተቀርጸው በወረቀት ላይ ከታተሙት የጃፓን ሥዕሎች መካከል በውጭ አገር በብዛት የሚታወቁት የፉጂ ተራራና የታላቁ ማዕበል ሥዕሎች ናቸው። የአገሩ ሰው ግን ከመልክአ ምድሩ ሥዕል ያላነሰ የሚወደው ሌላ ዓይነት ሥዕል ነበረው፤ ይኸውም የጥንት ጀግኖች ሥዕል ነው። ከእነዚህ ጀግኖች መካከል አንዱ መኰንንም መስፍንም ያልሆነ፣ አካሉ ግዙፍ፣ ፊቱ የሚያስፈራ፣ በራሱ ላይ ነጭ ጨርቅ የጠመጠመ መነኵሴ ነው። ስሙ ቤንኬይ ይባላል።

ስለዚህ ሰው ሥዕሎች ስናስብ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ በታሪክ መዝገብ ውስጥ ከስሙ በቀር እምብዛም ያልተጻፈለት ሰው እንዴት ከጌታው የበለጠ ግዙፍ ሆኖ በሕዝብ ዓይን ፊት ሊቆም ቻለ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ሥዕል በመንግሥት መርማሪ እየታየ በሚታተምበት ዘመን፣ የመንግሥት ኬላ ጠባቂዎችን አታሎ ያለፈ ሰው ሥዕል እንዴት ያለ ችግር ሊታተም ቻለ የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች በተቻለ መጠን ለመመለስ ይሞክራል። (ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሀ. ሰውየውና ዘመኑ

በ12ኛው መቶ ዓመት ታይራና ሚናሞቶ የሚባሉ ሁለት ታላላቅ የጦረኛ ቤተ ሰቦች ጃፓንን ለመግዛት ይሻሙ ነበር። ከ1180 እስከ 1185 በተደረገው ጦርነት ሚናሞቶዎች አሸነፉ። በ1185 በዳን ኖ ኡራ በተደረገው የባሕር ውጊያ የታይራን ወገን የደመሰሰው የጦር አዛዥ ሚናሞቶ ዮሺትሱኔ የተባለ ወጣት ነበር። ነገር ግን ታላቅ ወንድሙ ዮሪቶሞ በታናሹ ላይ ተነሣበት፤ ዮሺትሱኔም ተሳዶ ወደ ሰሜን ሸሸ፤ በ1189 ሂራይዙሚ በተባለው አገር፣ በኮሮሞ ወንዝ አጠገብ ተከቦ ሞተ። ዮሪቶሞ በ1192 የሾገንነት ማዕርግ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ የጃፓን መንግሥት ለ700 ዓመት ያህል በአብዛኛው በጦረኞች እጅ ቆየ።

ቤንኬይ የዚህ የዕድለ ቢሱ የዮሺትሱኔ ሎሌ ነበር። መነኵሴ ሆኖ ሳለ ጦረኛ መሆኑ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ በዚያ ዘመን ግን እንግዳ ነገር አልነበረም። ታላላቆቹ የቡድሃ ገዳማት ሰፊ ርስት ስለ ነበራቸው፣ ርስታቸውን የሚጠብቁና ከተቀናቃኝ ገዳም ጋር የሚዋጉ የታጠቁ መነኮሳት ነበሯቸው። ከእነዚህ ሁሉ የተፈሩት ከኪዮቶ ከተማ በላይ በሂኤይ ተራራ ያለው ገዳም መነኮሳት ነበሩ። ንጉሠ ነገሥት ሺራካዋ፣ የካሞን ወንዝ ጐርፍ፣ የቁማርን ዕጣና የተራራውን መነኮሳት ማዘዝ እንዳልቻለ በምሬት ይናገር እንደ ነበር ይተረካል። ይህ ኃይል እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ቆይቶ፣ ኦዳ ኖቡናጋ የተባለው የጦር ጌታ በ1571 የሂኤይን ገዳም ካቃጠለ በኋላ እየተሰበረ ሄደ። እንግዲህ ኋላ ቤንኬይን የሣሉት ሠዓሊዎች አንዳቸውም የታጠቀ መነኵሴ በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር ማለት ነው።

ለ. ከመዝገብ ወደ ተረት

አዙማ ካጋሚ የተባለው የጥንት የመንግሥት ዜና መዋዕል ቤንኬይን ከዮሺትሱኔ ተከታዮች ጋር ስሙን ጠርቶ ያልፋል፤ ከዚያ በላይ ብዙ የሚለው የለም። ሰፊው ትረካ የመጣው ጊኬይኪ ከተባለው የዮሺትሱኔ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ የተዘጋጀው በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ፣ ማለትም ሰውየው ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው ተብሎ ይገመታል። በዚያ መጽሐፍ እናቱ 18 ወር አርግዛ ጠጕሩ የረዘመና ጥርሱ የበቀለ ልጅ ወለደች። ስለዚህም የልጅነት ስሙ ኦኒዋካ፣ ማለት የጋኔን ልጅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ተረቱ በተረት ላይ እየተጨመረ ሄደ። ሥዕሎቹን ለመረዳት አራቱን ማወቅ ይበቃል።

አንደኛው የድልድዩ ታሪክ ነው። ቤንኬይ 1,000 ጎራዴ ለመሰብሰብ ተስሎ፣ ሌሊት ሌሊት በኪዮቶ በጎጆ ድልድይ ላይ እየቆመ የሚያልፈውን ጦረኛ ሁሉ ይቀማ ነበር። 999 ከሞላ በኋላ አንድ ቀጭን ልጅ ዋሽንት እየነፋ መጣ። ልጁ ዮሺትሱኔ ነበር። እንደ ወፍ ከመደገፊያው ወደ መደገፊያው እየዘለለ ግዙፉን መነኵሴ አሸነፈው፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ቤንኬይ ሎሌው ሆነ። ጊኬይኪ ግን ሁለቱን የሚያገናኛቸው በድልድይ ላይ ሳይሆን በቤተ መቅደስ አጠገብ ነው። ድልድዩን ያጸኑት የመድረክ ተውኔቶችና ሥዕሎች ናቸው።

ሁለተኛው የደወሉ ታሪክ ነው። ቤንኬይ ከሚኢዴራ ገዳም ታላቁን ደወል ዘርፎ እየጎተተ ወደ ሂኤይ ተራራ አወጣው፤ ደወሉ ሲመታ ግን ወደ ቤቴ መልሱኝ የሚል ድምፅ ስለ ሰጠ፣ ተናዶ ወደ ገደል ወረወረው። በሚኢዴራ ዛሬም የተጫጫረ አሮጌ ደወል ለጎብኚ ይታያል።

ሦስተኛው የአታካ ኬላ ታሪክ ነው፤ ይህን ወደ ኋላ በሰፊው እንመለስበታለን።

አራተኛው የሞቱ ታሪክ ነው። ዮሺትሱኔ በተከበበ ጊዜ ጌታው በሰላም ይሞት ዘንድ ቤንኬይ በድልድይ ላይ ብቻውን ቆሞ ጠላትን አገደ። ብዙ ፍላጻ ተተክሎበት ሳለ አልወደቀም። ጠላቶቹ ቆይተው ሲቀርቡት ቆሞ እንደ ሞተ ተገነዘቡ።

ሐ. ሥዕሉ እንዴት ይሠራ ነበር

ይህ ሁሉ ተረት ከመጽሐፍና ከመድረክ አልፎ በየሰዉ ቤት የገባው በእንጨት ሕትመት አማካይነት ነው። ሕትመቱ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም፤ አሳታሚው፣ ሠዓሊው፣ ጠራቢውና አታሚው፣ አራቱ ተባብረው የሚያወጡት የንግድ ዕቃ ነበር።

አሳታሚው ገንዘቡን አውጥቶ ምን ዓይነት ሥዕል እንደሚሸጥ ይወስናል። ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም መስመሩን ይሥላል። ጠራቢው ይህን ወረቀት በፊቱ ገልብጦ በቼሪ እንጨት ሰሌዳ ላይ ይለጥፈውና፣ መስመሮቹ ብቻ ጐልተው እንዲቀሩ ሌላውን ይፈለፍለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥዕል በጠራቢው ቢላዋ ሥር ይጠፋል፤ የሚቀረው እንጨቱ ነው። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ሰሌዳ ይጠረባል። ቀለሞቹ እንዳይዛነፉ በየሰሌዳው ጥግ ላይ ትናንሽ ምልክቶች ይቀረጻሉ፤ አታሚውም ወረቀቱን በእነዚህ ምልክቶች ላይ እያስተካከለ ያስቀምጣል። ወረቀቱ ኮዞ ከሚባል ቁጥቋጦ ልጥ የሚሠራ ጠንካራ ወረቀት ነው። የማተሚያ መኪና የለም፤ አታሚው በቀርከሃ ቅርፊት በተሸፈነ ክብ መፈተጊያ የወረቀቱን ጀርባ በእጁ ይፈትገዋል።

በመጀመሪያ ሥዕሎቹ በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተሙ፣ አንዳንዴም በእጅ ቀለም ይቀቡ ነበር። ብዙ ቀለም ያለው ሕትመት የተስፋፋው ከ1765 ወዲህ ነው። በ1830 ገደማ ደግሞ ከውጭ አገር የመጣው የፕሩሺያ ሰማያዊ ቀለም በሰፊው መሠራት ጀመረ፤ ስለ ባሕርና ስለ ፏፏቴ የተሣሉት ሥዕሎች ደምቀው የሚታዩት ከዚህ የተነሣ ነው።

የአንድ ወረቀት መጠን 39 በ26 ሳንቲሜትር ያህል ነበር። የጦር ሜዳን ወይም የድልድይን ውጊያ ለማሳየት ይህ ስለማይበቃ፣ ሦስት ወረቀቶች ጎን ለጎን ተገጥመው አንድ ሥዕል ይሆኑ ነበር። ዋጋው ርካሽ ስለ ነበር ነጋዴውም አናጢውም ሊገዛው ይችላል። እንግዲህ ይህ የቤተ መንግሥት ሥዕል ሳይሆን የከተማ ሕዝብ ሥዕል ነበር፤ ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው።

መ. ሁለት ሠዓሊዎች

ቤንኬይን ያልሣለ የጀግና ሠዓሊ ማግኘት ይቸግራል። ከሁሉም ግን ሁለቱን ማንሣት ይገባል።

ኡታጋዋ ኩኒዮሺ (1798–1861) የኢዶ፣ ማለት የዛሬይቱ የቶኪዮ ተወላጅ ሲሆን የቀለም ነካሪ ልጅ ነበር። በ1827 ገደማ የጀመረው የቻይና ሽፍቶች ጀግንነት ተከታታይ ሥዕል ስሙን አስጠራው፤ ከዚያ በኋላ የጦረኛ ሥዕል ሲባል እሱ ቀዳሚው ሆነ። በ1845 ገደማ ባሳተመው ባለ ሦስት ወረቀት ሥዕል፣ ልጁ ኦኒዋካ ከፏፏቴ ሥር ካርፕ ከሚባል እጅግ ግዙፍ ዓሣ ጋር ይታገላል። በ1850 ገደማ በወጣው ሌላ ሥዕሉ የዮሺትሱኔ መርከብ በዳይሞትሱ ባሕር በማዕበል ስትናጥ እናያለን፤ ከማዕበሉ በስተጀርባ የሞቱት የታይራ ጦረኞች መናፍስት እንደ ጥላ ተነሥተዋል። በተረቱ እንደሚባለው ቤንኬይ እነዚህን መናፍስት ያባረረው በጎራዴ ሳይሆን በመቍጠሪያውና በጸሎቱ ነው። መነኵሴነቱ የሚታወሰው እዚህ ላይ ነው።

ትሱኪዮካ ዮሺቶሺ (1839–1892) የኩኒዮሺ ደቀ መዝሙር ነበር። በ1881 ባወጣው የጎጆ ድልድይ ሥዕል ዮሺትሱኔ በአየር ላይ ነው፤ ቤንኬይ ከባድ ሆኖ መሬት ላይ ቀርቷል። በ1889 ያንኑ የዓሣውን ታሪክ እንደ ገና ሣለው፤ ነገር ግን አሣሣሉ ከመምህሩ የተለየ ነው። መምህሩ ትግሉን ሲያሳይ፣ ደቀ መዝሙሩ ከትግሉ በፊት ያለውን ዝምታ ያሳያል። ልጁ ቢላዋውን ይዞ ከውኃው በላይ ቆሟል፤ ዓሣው ከታች ይዋኛል፤ እስካሁን ምንም አልሆነም። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያየ ሰው፣ አንድ ተረት በአርባ ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

ሠ. ኬላውና ማኅተሙ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ።

ዮሺትሱኔ ከወንድሙ ሲሸሽ እሱና ተከታዮቹ እንደ ተራራ ባሕታውያን ለብሰው፣ በጦርነቱ የተቃጠለውን የናራን ታላቅ ገዳም ለማሠራት ምጽዋት እንሰበስባለን እያሉ ይጓዙ ነበር። ጌታው እንዳይታወቅ ዕቃ ተሸካሚ ሆነ። በአታካ ኬላ ሹሙ ቶጋሺ አስቆማቸውና፣ እውነተኞች ከሆናችሁ የምጽዋቱን መዝገብ አንብቡ አላቸው። መዝገብ አልነበራቸውም። ቤንኬይ ባዶ ጥቅልል ዘረጋና፣ እንደ ተጻፈ አድርጎ ያለ መደናቀፍ ከቃሉ አነበበው። ሊያልፉ ሲሉ አንድ ጠባቂ ተሸካሚውን ተጠራጠረ። በዚህ ጊዜ ቤንኬይ፣ በአንተ ምክንያት ዘገየን ብሎ ጌታውን በበትር ደበደበው። ሎሌ ጌታውን ይመታል ብሎ የሚያስብ ስላልነበረ ጥርጣሬው ጠፋ። በመድረኩ አቀራረብ ግን ቶጋሺ እውነቱን ያውቃል፤ የቤንኬይን ጭንቀት አይቶ፣ በራሱ ላይ የሚመጣውን ቅጣት እያወቀ ያሳልፋቸዋል።

ይህ ታሪክ ካንጂንቾ በሚል ስም በካቡኪ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው በ1840 በኢዶ ሲሆን፣ ቤንኬይን የተጫወተው ሰባተኛው ኢቺካዋ ዳንጁሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከወጡት የቤንኬይ ሥዕሎች ብዙዎቹ የጥንቱን መነኵሴ ሳይሆን ቤንኬይን ሆኖ የተጫወተውን ተዋናይ የሚያሳዩ ናቸው።

የቶኩጋዋ መንግሥት በዚያን ጊዜ በሕትመት ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ነበረው። ከ1790 ጀምሮ ማንኛውም ሥዕል ከመታተሙ በፊት ተመርምሮ፣ የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳይ ትንሽ ማኅተም ይደረግበት ነበር። ስለ ቅርቡ ዘመን መሳፍንት መሣል የተከለከለ ስለ ነበር፣ ስመ ጥሩው ሠዓሊ ኡታማሮ በ1804 በዚህ ጥፋት ተቀጥቶ እጁ ታሰረ። በ1842 ደግሞ የተዋናዮችንና የዝሙት ቤት ሴቶችን መልክ ማተም ተከለከለ። በዚያው ዓመት ያ ቤንኬይን የተጫወተው ዳንጁሮ፣ ከማዕርግህ በላይ ተንደላቀቅህ ተብሎ ከኢዶ ተባረረ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሠዓሊው የት ይሂድ? ወደ ጥንቱ ዘመን ሄደ። የሞቱ ጀግኖች አይከለከሉም ነበርና። ኩኒዮሺ በ1843 አንድ የጥንት የጦር አለቃ በምድር ሸረሪት ያመጣበትን መከራ ሣለ፤ የኢዶ ሕዝብ ግን በሥዕሉ ውስጥ ያሉትን አጋንንት አይቶ፣ በአዲሱ ሕግ የተጎዱት የየሙያው ሰዎች ናቸው፣ ተኝቶ የሚታየውም አለቃ የዛሬው ሾገን ነው ብሎ ተረጐመው። አሳታሚው ፈርቶ ሥዕሉን ከገበያ አነሣ። ይህ በእኛ አነጋገር ሰምና ወርቅ የሚባለው ነው።

የቤንኬይ ሥዕል እንደ ሸረሪቱ ሥዕል የተደበቀ ስድብ አለበት ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በእኔ አስተያየት እሱም ሁለት ጊዜ ይነበባል። መርማሪው ሲያየው ለጌታው እስከ ሞት የታመነ ሎሌ ያያል፤ ይህም መንግሥት ራሱ የሚያስተምረው ትምህርት ስለ ሆነ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ሥዕሉን የሚገዛው አናጢ ወይም ነጋዴ ግን፣ በሕግ ከጦረኛው መደብ በታች የተቀመጠ ሰው ነው። እሱ የሚያየው ሌላ ነው። ከጌታው ይልቅ ብልህና ብርቱ የሆነ ሎሌ፣ በጌታው ላይ በትር ያነሣ እጅ፣ ከትእዛዝ ይልቅ ኅሊናውን የሰማ የኬላ ሹም ያያል። ሥዕሉም ይህን አይደብቅም፤ በወረቀቱ ላይ ትልቁን ቦታ የያዘው ጌታው ሳይሆን ሎሌው ነው። ያው አንድ ሥዕል ለሁለቱም እውነት ነው። ቤንኬይ በባዶ ወረቀት ኬላውን እንዳለፈ፣ ሥዕሉም የሚፈለገውን ሁሉ አሟልቶ በመርማሪው ፊት አለፈ።

ረ. ከ1868 በኋላ

የቶኩጋዋ መንግሥት በ1868 ወድቆ የሜይጂ ዘመን ሲጀምር፣ ፎቶግራፍና አዲሱ የማተሚያ መኪና የእንጨት ሕትመቱን ገበያ ወሰዱት። ዮሺቶሺ የዚህ ሙያ የመጨረሻ ታላቅ ሰው ነበር ይባላል። ተረቱ ግን ከወረቀቱ ጋር አልሞተም። በ1887 ዘጠነኛው ዳንጁሮ ካንጂንቾን በንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ፊት ተጫወተ፤ አባቱ ከከተማ የተባረረበት ሙያ በልጁ ዘመን በንጉሥ ፊት ቆመ ማለት ነው። በ1945 የፊልም ሠሪው ኩሮሳዋ አኪራ የአታካን ታሪክ በፊልም ሠራው፤ ፊልሙ የመሳፍንትን ዘመን አስተሳሰብ ያስተምራል ተብሎ በአሜሪካ የጦር አስተዳደር ታግዶ ሕዝብ ያየው በ1952 ነው። አንዱ መንግሥት ታማኝነትን ያስተምራል ብሎ የፈቀደውን፣ ሌላው በዚያው ምክንያት ከለከለው።

ቤንኬይ በቋንቋውም ውስጥ ገብቷል። ጃፓኖች የቅልጥምን ፊት ቤንኬይ የሚያለቅስበት ቦታ ይሉታል፤ እዚያ ላይ ከተመታ ያ ጀግና እንኳ ያለቅሳል ማለታቸው ነው። በቤቱ ኃይለኛ ሆኖ በውጭ የሚለሰልሰውን ሰው ደግሞ የቤት ቤንኬይ ይሉታል፤ እኛ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ እንደምንለው መሆኑ ነው።

ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹ ዛሬ በቦስተን፣ በለንደንና በቶኪዮ ሙዚየሞች ተጠብቀዋል፤ ቅጂዎቻቸውም በየመጽሐፉ ይገኛሉ። አንባቢ አንዱን ሲያገኝ በመጀመሪያ መሣሪያዎቹን ይመልከት፤ መጥረቢያ፣ መጋዝ፣ መዶሻ፣ ረጅም ዛቢያ ያለው ጎራዴና ሌላውን ሁሉ በጀርባው የተሸከመ ግዙፍ ሰው ካየ ያ ቤንኬይ ነው። ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን ቀጭን ወጣት ይፈልግ፤ እሱ ዮሺትሱኔ ነው። በመጨረሻም በወረቀቱ ላይ ከሠዓሊው ፊርማና ከአሳታሚው ምልክት ሌላ ያለችውን ትንሽ ማኅተም ይፈልጋት። መርማሪው ይህን ሥዕል አይቶ እንዲያልፍ የፈቀደባት ምልክት እሷ ናት።